የአባቴ ቁምጣና ቀይዋ መብራት

ታይፒንግ፣ ማርች 8፣ 1984

ይድረስ ለአጎቴ ቴይክ፣ ሲንጋፖር አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንደ ርግብ ለሰፈሩት፤

ጤናዎን ልጠይቅ ወይስ ጉልበትዎን? ሁለቱንም ብጠይቅ ቴምብሩ ያው አንድ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ጠይቄያለሁ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡም ደህና ነው። ሰዉ አሁንም ምሳ በልቶ «ዛሬ ከአሥር ሰዓት በፊት ይጥላል፣ አይጥልም» እያለ ይወራረዳል፤ እኔም አሁንም ብስክሌት ቤት ቁጭ ብዬ ጎማ እለጥፋለሁ። ፈተና ሁለት ጊዜ የወደቀች ልጅ ሌላ ምን ትሠራለች?

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልዋሽዎት ነበር፤ ግን የሙሩገሱን ልጅ ውሸት እርስዎ ጥርሴ ሳይበቅል ጀምሮ ያውቁታል። እውነቱን ልንገርዎት፤ የጠየቁኝን ለመመለስ ፈርቼ ነው።

አዎ አጎቴ፣ አባቴ «ባለፈው ረቡዕ ሩጫ ሁለተኛ ወጣሁ» ብሎ የጻፈልዎት እውነት ነው። ሁለተኛ ወጥቷል። ከየትኛው ጫፍ እንደሚቆጠር ነው ያልጻፈልዎት። ከእሱ ኋላ የነበሩት ሚስስ ፔሬራ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የቀሩት ውሻ አባሯቸው የወደቀ ጫማቸውን ሊፈልጉ ተመልሰው ነው።

ምን ያህል ጊዜ ሆነው ብለዋል። እኔ ያየሁት ከአምና ዝናብ ወዲህ ነው። ድሮ የባቡር ጣቢያዋን የኪስ ሰዓት በግራ እጁ ጨብጦ ነበር የሚሮጠው፣ ትዝ ይልዎታል? አሁን «መስታወቷ ተሰንጥቋል» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎባታል። ቁልፉ የት እንዳለ ስለማውቅ ከፍቼ አየኋት። ጭረት እንኳ የለባትም። ደግሞ ዳገት ላይ ሲደርስ የጫማው ክር ይፈታል። ሜዳ ላይ ተፈትቶ አያውቅም፣ ሁልጊዜ ዳገት ላይ ነው። ጎንበስ ብሎ ያስራል፣ ያስራል፣ ወጣቶቹ ሁሉ እስኪያልፉት ያስራል። አንድ ቀን አጠገቡ ቆሜ «አፓ፣ ይሄ ክር እኮ ከትናንት ጀምሮ አልተፈታም» ስለው «አንቺ ወደ ፊትሽ ሩጪ» አለኝ።

ይህን ሁሉ እንደነገርኩዎት እንዳይነግሩት። ከነገሩት የእርስዎንም ጉድ አወጣለሁ፤ የማውቀው ባይኖርም ፈልጌ አላጣም።

እና አንድ ነገር አድርጌያለሁ፤ ሲሰሙ ይስቃሉ። ብስክሌት ከኋላዋ የምትለጠፍባት ቀይ ክብ ነገር አለች አይደል? ባትሪ የላትም፣ ግን የመኪና መብራት ሲያርፍባት ቦግ ትላለች። ማክሰኞ ከሱቁ አንዷን አምጥቼ የአባቴ የሩጫ ቁምጣ ላይ ከኋላ በኩል፣ ልክ መቀመጫው ላይ ሰፋኋት። ትናንት በሠላሳ ሰው ፊት ለብሷት ሮጠ። ዛይናል፣ ያ ረጅሙ የባንክ ጸሐፊ፣ ከኋላው ሆኖ እንደ ባቡር ሲያፏጭ የሁሉም ሆድ ሊፈነዳ ነበር። አባቴ ለምን እንደሚሳቅ ሳያውቅ አብሮ ሳቀ።

እስካሁን አላወቀም። የሩጫ ልብሱን ለማንም ስለማይሰጥ ቅዳሜ ራሱ ሲያጥብ ያገኛታል። ፊቱን አይቼ እጽፍልዎታለሁ።

የእርስዎ ፑኒታ፣ ጥፋቷ የማያልቅ


ታይፒንግ፣ ማርች 23፣ 1984

አጎቴ ቴይክ፤

አልሳቀም።

ዛሬ ሰላምታውን ማሳጠሬን ይቅር ይበሉኝ። ጉልበትዎን ጠይቄያለሁ።

ቅዳሜ አገኛት። እኔ በር ጀርባ ቆሜ አፌን በእጄ ይዤ እጠብቅ ነበር። ምላጭ አመጣና ስፌቱን አንድ በአንድ ፈታው፤ ጨርቁን እንዳይጎዳው ቀስ ብሎ። ከዚያ ራት ስንቀርብ ቀይዋን ነገር ከሳህኔ አጠገብ አስቀመጣት፣ እንደ ማንኪያ። ዓሣውን በላ፣ ሩዙን በላ፣ እጁን ታጥቦ ተነሣ። እሱ ተቆጥቶኝ ያውቃል፣ በጫማ አባሮኝ ያውቃል፤ ይሄኛውን ግን አላውቀውም።

ሁለት ረቡዕ አልሮጠም። ቁርጭምጭሚቴ ነው ይላል። ቁርጭምጭሚቱ ግን ገበያ ሲሄድ ደህና ነው። ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጋዜጣ ይዞ በረንዳ ላይ ይቀመጣል፤ እኔ ሮጬ ስመለስ ገጹ ያው ነው።

ሌላው ወሬ ይሄ ነው፤ ሜይ 9 ላይ አንድ ሺህኛው ሩጫችን ነው። እርስዎና አባቴ በ1965 ከጀመራችሁት ወዲህ ሺህ ረቡዕ ማለት ነው። ዕጣ ወጣና ጥንቸሏ እኔ ሆንኩ፤ ወረቀት እየበተንኩ ዱካውን የማወጣው እኔ ነኝ። ወረቀት ጎድሎኝ አያውቅም፣ የጎደለኝ ምክር ነው። የሩጫ ማኅበራችን ሊቀመንበር ደግሞ ለክብሩ ብሎ አባቴን እቤት ድረስ መጥቶ «አንተ መድረሻው ላይ ወንበር ተዘጋጅቶልሃል፤ ቁጭ ብለህ ለሚገቡት ውሃ ትሰጣለህ» አለው። አባቴ «አስብበታለሁ» አለ።

እዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጠ አይነሣም፣ አጎቴ። እኔ አውቀዋለሁ። ጫማውን ለሰው ሰጥቶ «ደህና ነኝ» ነው የሚለው። እና ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ይንገሩኝ፤ ለምን አልሳቀም?

ፑኒታ


ሲንጋፖር፣ ኤፕሪል 2፣ 1984

ለማታርፈው ልጅ ለፑኒታ፤

እኔ ደህና ነኝ። ልጄና ምራቴ ደህና ናቸው። ደህና ያልሆነው አሳንሰሩ ብቻ ነው፤ በሳምንት ሁለቴ ይቆማል።

በመጀመሪያ፣ ያ ቁምጣ በእጄ የሰፋሁት ቁምጣ ነው። ሱቄ ዋናው መንገድ ላይ ሳለ፣ ከገዛ መደርደሪያዬ ጨርቅ ቆርጬ። አንቺ በዚያ በጎማ መለጠፊያ እጅሽ መርፌ ስላስገባሽበት ይቅር አልልሽም። ሌላውን ይቅር ልልሽ እችላለሁ።

ለምን እንዳልሳቀ ልንገርሽ። አባትሽ ሠላሳ አንድ ዓመት የባቡር ምልክት ክፍል ውስጥ ሲሠራ ሥራው ምን እንደነበር ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ባቡር ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ይፈልጋል፤ የመጨረሻው ፉርጎ ጀርባ ላይ የተሰቀለችውን ቀይ መብራት። እሷን ካያት ባቡሩ ሙሉ ነው፣ መንገድ ላይ ተቆርጦ የቀረ ፉርጎ የለም። ያኔ መዝገቡ ላይ «የኋላ መብራት ታይቷል። መስመሩ ነጻ ነው» ብሎ ይጽፍና ቀጣዩን ባቡር ያስገባል። ካላያት ንጉሥ ቢመጣ አያሳልፍም። በ1959 አንድ ማታ ሳያያት ቀርቶ የመንገደኛ ባቡር አርባ ደቂቃ አቆመ። አለቃው መጥቶ በሰው ፊት ሰደበው። ሄደው ሲያዩ ሁለት ፉርጎ በዝናብ ድልድዩ ላይ ቆመው ተገኙ።

እንግዲህ ያቺን መብራት ነው መቀመጫው ላይ የሰፋሽበት። መጨረሻ መሆኑን እሱ ያውቃል፣ የሚያመው ያ አይደለም። ሌላው ሰው ሁሉ ማወቁን ነው ያላወቀው። በአንድ ማታ፣ በፉጨት ነገራችሁት።

ጥንቸል ከሆንሽ ደግሞ በወጉ ሁኚ። ጠዋት ወረቀትሽን ቆራርጠሽ በጎማ ዛፎቹ መሀል እየበተንሽ ሂጂ። አራት ቦታ ላይ በኖራ ክብ ሥሪ። ከየክቡ ሦስት ዱካ ይውጣ፤ አንዱ እውነት፣ ሁለቱ ውሸት። ውሸቱ ሩብ ኪሎ ሜትር ሄዶ ይቁም። ፈጣኖቹ ውሸቱን ሲያሳድዱ ዘገምተኞቹ ይደርሱባቸዋል፤ ጨዋታው የተሠራው ለዚሁ ነው። የመጨረሻው ሰው ሳይገባም የራት ድስት እንዳይከፈት። ይህን ደንብ ያወጣነው እኔና አባትሽ ነን። ያኔ መጨረሻዎቹ እኛ እንሆናለን ብለን አላሰብንም።

በየደብዳቤሽ ጉልበቴን ትጠይቂኛለሽ። መልስ ሳልሰጥሽ የቀረሁት ረስቼ አይደለም። ጉልበቴን ምንም አልነካኝም። ወደዚህ በመጣሁበት ዓመት፣ ገና ታይፒንግ ሳለሁ፣ አራት ረቡዕ አከታትዬ መጨረሻ ወጣሁ። አራተኛው ላይ ድስቱ ዙሪያ ተቀምጠው ሲጠብቁኝ አንዱ ሰዓቱን አየ። ሰዓቱን ብቻ ነው ያየው። በማግስቱ ጉልበቴ ታመመ፣ ውሰደኝ ብዬ ለልጄ ጻፍኩ። አሁን ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አሳንሰር ቢሠራም በደረጃ እወርዳለሁ፣ በደረጃ እወጣለሁ። ሦስት ጊዜ። ማንም አያየኝም።

ይህን ለአባትሽ አትንገሪው።

ቴይክ


ታይፒንግ፣ ኤፕሪል 19፣ 1984

አጎቴ ቴይክ፤

ሦስት ጊዜ አሥራ ሁለት ፎቅ! እኔ አንዴም አልወጣው። ከእንግዲህ ጉልበትዎን ሳይሆን ደረጃውን ነው የምጠይቀው፤ ደረጃው እንዴት ነው?

ለአባትሽ አትንገሪው ብለዋል። አልነገርኩትም። ቃሌ ቃል ነው። ደብዳቤዎን ግን እሱ ሻይ የሚጠጣበት ወንበር ላይ ረሳሁት። የጉልበቱ ገጽ ወደ ላይ ሆኖ። ገጹ እንዴት ወደ ላይ እንደሆነ እኔም እስካሁን ይገርመኛል።

አነበበው። ሁለቴ አነበበው፤ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና ሲጀምር አይቼዋለሁ። ከዚያ በአራት አጥፎ እጄ ላይ አደረገልኝና «ጥሩ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ውሸት ግን አይሰፋለትም» ብሎ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ስነሣ በር ላይ ያለው ጫማው እርጥብ ነው። የት ነበርክ ስለው «ዳቦ ልገዛ» ይላል። ዳቦ ቤቱ ከቤታችን ፊት ለፊት ነው። ዳቦም አላየሁ።

የወንበሩን ነገር ግን ለሊቀመንበሩ አልመለሰለትም። ስለዚህ እኔ መላ መትቻለሁ።

አልጋው ሥር ያለችውን የቆርቆሮ ሣጥን ያውቋታል? የድሮው የባቡር መዝገብ ቅጂ ሞልቶባታል፣ ሁሉም በእሱ እጅ ጽሑፍ፣ በሐምራዊ ቀለም። ከመሀል ጥቂት ገጽ ብወስድ ማን ያውቃል? የውሸቱን ዱካ በተራ ጋዜጣ እበትናለሁ። የእውነቱ ላይ ግን በየአሥር እርምጃው ከመዝገቡ አንድ ቁራጭ ጣል አደርጋለሁ። ሌላው ሰው ወረቀት ነው ብሎ ያልፈዋል። አባቴ ብቻ ያውቀዋል። አራቱም ክብ ላይ ዛይናልና ጓደኞቹ ጫካ ለጫካ ሲባዝኑ እሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አንደኛ ይገባል። የሰፋሁበትን መብራት በዚህ አወልቅለታለሁ።

ይሄ ማጭበርበር ነው አይበሉኝ፤ እዳዬን መክፈል ነው። ይሄዳል ወይስ አይሄድም?

ፑኒታ


ቴሌግራም፣ ከሲንጋፖር፣ ሜይ 8፣ 1984

እንዳትሞክሪው። አባትሽን አታውቂውም። መዝገቡን አትንኪ። ቴይክ


ታይፒንግ፣ ሜይ 11፣ 1984

ይድረስ ለአጎቴ ቴይክ፣ ልክ ለሆኑት፤

ቴሌግራምዎ ደርሶኛል። የደረሰኝ መዝገቡን ቆራርጬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ፖስታ ቤቱን ይውቀሱ።

እንዴት ሆነ ብለው በሁለተኛው ቴሌግራም ስለጠየቁኝ በቅደም ተከተል እነግርዎታለሁ፤ ምንም እንኳ ጥንቸል በመሆኔ መነሻውንና መድረሻውን ብቻ ባይም። መሀሉን ከሰው ነው የለቀምኩት።

ረቡዕ ዝናቡ ጠዋት ጥሎ ጨረሰ፤ ወረቀቴን የበተንኩት ካባራ በኋላ ነው፤ ከሰዓት ይጥላል ብለው የተወራረዱት ሁሉ ተበሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰማንያ ሰው ተሰበሰበ። አባቴ መጣ። ያንኑ ቁምጣ ለብሷል። ሊቀመንበሩ ደስ ብሎት ወንበሩን አሳየው፤ ትራስ ሁሉ አድርጎበታል። አባቴ አመስግኖ ቦርሳውን አስቀመጠበት።

ከዚያ ዞር አለ። አጎቴ፣ ቀይዋ መብራት እዚያው ቦታ ላይ ነበረች። ራሱ ሰፍቷታል። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ከእኔ በጣም ይሻላል፤ እርስዎም ቢያዩት አይሰድቡትም። ዛይናል ለማፏጨት ከንፈሩን ሰበሰበና መልሶ ገጠመው። የኪስ ሰዓቷ በግራ እጁ ነበረች።

እኔ በብስክሌት ዞሬ ሐይቁ ዳር፣ ትልልቆቹ ዛፎች ሥር ድስቶቹ ጋ ሄድኩ። አሁን አንደኛ ሆኖ ይመጣል፣ እኔም ምንም እንዳላወቀ ሰው አጨበጭባለሁ ብዬ ፊቴን አዘጋጅቼ ነበር። አሥራ ሁለት ከአሥራ ስምንት ላይ የመጣው ዛይናል ነው። ከዚያ ሌሎቹ። ከዚያ የማያልቅ ሰው። አባቴ የለም።

ሚስስ ፔሬራ ሲገቡ ወሬውን አመጡ። የመጀመሪያው ክብ ላይ አባቴ ጎንበስ ብሎ አንድ ቁራጭ አንሥቶ አነበበ፣ ፈገግ አለና ኪሱ ከተተው። እሳቸውን «በዚህ ይሂዱ፣ እውነቱ ይሄ ነው» ብሎ አሳያቸው። እሱ ራሱ ወደ ውሸቱ ገባ። እስከ መጨረሻው ሄዶ ተመልሶ፣ ወደ ሁለተኛው ውሸት ገባ።

ሁለተኛው ክብ ላይ የዛይናልን ሁለት ጓደኞች ከድሮው የቆርቆሮ ማዕድን ኩሬ ዳር አወጣቸው፤ የእኔን ውሸት ተከትለው ዱካው ካለቀ በኋላም ሲሮጡ ነበር። ሦስተኛው ላይ ከፊቷ አረንቋ ሆኖባት ቆማ የቀረች አንዲት አዲስ ልጅ ነበረች፤ እጇን ይዞ አሻገራት። እነዚህ ሁሉ ከእሱ በፊት ገቡ። እሱ ቀጥሉ እያለ ነው የላካቸው።

ስምንት ውሸት ነበር የሠራሁት አጎቴ። ስምንቱንም እስከ ጫፍ ሮጣቸው።

ዛይናል ርቦት ወደ ድስቱ ሲጠጋ እጁን በጭልፋ መታሁት። «የመጨረሻው አልገባም» አልኩት። አንድ ሰው ሰዓቱን ሊያይ ክንዱን ሲያነሣ አየሁትና የሚገባውን ነገርኩት። ምን እንዳልኩት አልጽፍልዎትም፣ ደብዳቤ ነው።

ሊመሽ ሲል ሊቀመንበሩ እንዲታየው ብሎ የመኪናውን መብራት ወደ መንገዱ አበራ። አባቴ በዛፎቹ መሀል መጣ። አይቸኩልም። እጁን ወደ ጎን አይወረውርም፣ ራሱን ቀጥ አድርጎ ነው የሚሮጠው፣ ድሮ እንደሚሮጠው፣ ዘግይቶ ብቻ። ሁላችንንም አልፎ መድረሻውን ዛፍ ነካና ጀርባውን ሰጥቶን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቆመ። የመኪናው መብራት ሲያርፍባት ያቺ ቀይ ነገር ቦግ አለች። ማንም አልሳቀም። እኔ እንኳ። ሰማንያ ሰው ሲያጨበጭብ ሐይቁ ላይ ያሉት ወፎች ተነሥተው ሄዱ።

ዞሮ ወደ እኔ መጣ። ከሁለቱም ኪሱ የተቆራረጠ መዝገብ ዘግኖ እጄ ላይ አፈሰሰው። «አንቺ ልጅ፣ መዝገብ ይቀደዳል? ይሄ የ1959 ነው።» ከዚያ በላይ አልተቆጣም። «ነገ ቁጭ ብለሽ ትለጥፊዋለሽ። መለጠፍ ሥራሽ አይደል?» አለኝ።

ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ «አፓ፣ እውነቱን እያወቅህ ለምን ውሸቱ ውስጥ ገባህ?» አልኩት።

«እዚያ ውስጥ የቀረ ሰው ቢኖርስ?» አለኝ። «ፊት የሚሮጠው መንገዱን ይፈልጋል። ኋላ የሚመጣው ደግሞ መንገዱ ላይ ማንም አለመኖሩን ያያል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁት እኮ ይሄንኑ ነው። እስከ ዛሬ ከፊት ስሮጥ ሥራዬን ማን እየሠራልኝ ነበር?»

ከዚያ ሰዓቷን አወጣና አሰላ፤ የፈጀበት አንድ ሰዓት ከአርባ ሰባት ደቂቃ ነው። በሕይወቱ ከሮጠው ሁሉ የዘገየው ነው። ለሊቀመንበሩ ነገረው። ለሚስስ ፔሬራ ነገራቸው። ለዛይናል ሁለት ጊዜ ነገረውና «አንተ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ሮጠህ ደክሞህ ተቀምጠሃል፤ እኔ አሥራ ሦስት ነው የሮጥኩት» አለው። ዛይናል ከተቀመጠበት ተነሥቶ ሳህን አቀበለው። አባቴ ዘወር ዘወር ብሎ ሁሉንም ቆጠረና «ድስቱን ክፈቱ» አለ።

ኩራቴን የት ላድርገው አጎቴ? ብስክሌት ቤት ለሚመጣው ሁሉ እየነገርኩ ነው። ጎማው ቀዳዳ የሌለውንም ሰው አስቁሜ ነግሬያለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንዲት ቀይ ክብ ነገር በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬልዎታለሁ። መርፌና ክር አልላክሁም፤ ያንን ከልብስ ሰፊ ቤት አያጡም። መጨረሻ ወጥተው ስንት ሰዓት እንደፈጀብዎት የሚጠይቅ ካለ ጭልፋዬን ይዤ እጠብቀዋለሁ።

መዝገቡን እየለጠፍኩ ነው። ሦስት ገጽ ቀርቶኛል። አባቴ ከጎኔ ተቀምጦ አጣመምሽው አጣመምሽው ይላል፤ አሁን ደግሞ እስክሪብቶውን አምጪ፣ እኔም የምጽፈው አለኝ ብሏል። ሰጥቼዋለሁ።

ፑኒታ


ሜይ 9፣ 1984። አንድ ሺህኛው ሩጫ።
ተነሣ 11፡30።
የመጀመሪያው ገባ 12፡18።
የመጨረሻው ገባ 1፡17።
የኋላ መብራት ታይቷል። መስመሩ ነጻ ነው።

ቴይክ፤ ቀጣዩን ከሲንጋፖር እየጠበቅሁ ነው። መጨረሻነቱን ግን እንዲሁ በነጻ አልለቅልህም።

ሙሩገሱ